ውኃ የማያስገባው ቤት

ይህን ታሪክ ለሰው ስናገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ እዘላለሁ። ለባሌ ስነግረው ዘልዬዋለሁ፣ ለእናቴ ስነግራት ዘልዬዋለሁ፣ ለመሥሪያ ቤቴ በጻፍሁት ሪፖርት ላይማ ጭራሽ አልነካሁትም። ለእናንተ ሳልዘል ልሞክር። መሐል ላይ ደርሼ ነገር ማሳመር ከጀመርሁ ግን ያው እንደ ልማዷ ሆነች በሉኝ።

ስሜ ማስተዋል ነው። ወላጆቼ ስሙን ሲያወጡልኝ የተመኙትን ነው የተናገሩት እንጂ ያዩትን አይደለም። ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ ነው፤ አባቴ የሆስፒታል ሠራተኛ፣ እናቴ አስተማሪ ነበሩ። አርክቴክቸር ተምሬ በጥሩ ውጤት ተመረቅሁና ጎንደር ከተማ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጠርሁ። ነገሩ የደረሰብኝ ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር፤ ቢኖርም ኮምፒውተሬ ያውቀዋል ብዬ የማምን ሰው ነበርሁ።

ከእንፍራንዝ በታች ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ያሉ መንደሮች በየክረምቱ ጎርፍ ይጎበኛቸዋል። ድሮም ውኃ ያውቃቸዋል፤ የክረምቱ ጠባይ ግን ተለውጧል። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ቀደም ሲል ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ ቀስ እያለ ነበር የሚዘንበው። አሁን ይዘገይና ይዘገይና የወሩን በአንድ ቀን ያወርደዋል። ደጋው ላይ የወረደው ሁሉ ደግሞ ሜዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጎርፍ የሚቋቋም ቤት ንደፊ ተባልሁ። መጀመሪያ አንድ ናሙና ይሠራል፣ ናሙናው ከተሳካ ሌሎቹ ይከተላሉ።

እኔም ነደፍሁ። መሠረቱን በድንጋይ ከጉልበት በላይ አነሣሁት። ግድግዳው ብሎኬት፣ ልስኑ ሲሚንቶ። በሩ ብረት ነው፤ ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጌ ዙሪያውን ጎማ አለበስሁት። ውኃው በገፋው ቁጥር በሩ ይበልጥ ይጠብቃል ማለት ነው። በዚያች በር እንዴት እንደኮራሁ ብታዩኝ ትስቁ ነበር። መስኮቶቹን በብረት ፍርግርግ ዘጋኋቸው፤ የከተማ ልጅ አይደለሁ፣ የታየኝ ሌባ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ ኮርኒስ።

የገበሬዎቹ አሮጌ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ውስጡ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ በወፍራም እንጨት የተረበረበ ቆጥ አለው። እህል ይቀመጥበታል፣ ሰውም ይተኛበታል። እኔ ቆጡን ከንድፉ አወጣሁት። ዘመናዊ ቤት ቆጥ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።

ንድፉን ለመንደሩ ሰው ያሳየሁት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ባለው ዋርካ ሥር ነበር። ስለ በሩ አስረዳሁ፣ ስለ ጎማው አስረዳሁ። "ከእንግዲህ ጎርፍ መጣ ብሎ መሮጥ የለም። በራችሁን ዘግታችሁ ትቀመጣላችሁ" አልሁ። ከዚያ "ሃሳብ ያለው?" ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩና "ሸጋ ነው" አሉኝ። መስኮቱስ? "ሸጋ ነው።" ጣሪያውስ? እሱም ሸጋ ነው። እኔም "ነዋሪው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል" ብዬ ጻፍሁ።

ናሙናው ለአያ ፈንታ ደረሳቸው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ነገር ከመናገራቸው በፊት አገጫቸውን የሚያሹ ገበሬ ናቸው። ቁልፉን ስናስረክባቸው አንድ ወረቀት በአውራ ጣታቸው አስፈረምናቸው። ወረቀቱን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። "ቤቱን ያለ ፈቃድ መብሳት፣ ማፍረስም ሆነ መቀጠል ክልክል ነው" ይላል። ሰው ቤቴን እንዳያበላሽብኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ቀን ልውሰዳችሁ። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። በማግሥቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት ቡድን መጥቶ ናሙናውን ሊያይ ነበር፤ እኔ ቀድሜ ፎቶ ላነሣ ሄድሁ። ማኪናው ጭቃውን ስለማይደፍር ሾፌሩን አስፋልቱ ላይ ትቼ አንድ ሰዓት ያህል በቦቲ ጫማ ተጓዝሁ። ስደርስ መንደሩ ጭር ብሏል። ሰዉ ሁሉ ለቅዳሴ ከፍታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። የአያ ፈንታ ባለቤትም እዚያው ናቸው።

አያ ፈንታ የቀሩት ልጃቸው አራስ ስለሆነች ነው። አራስ ብቻዋን አትተውም። ጥሩወርቅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከባሏ ቤት ወደ አባቷ ቤት መጥታ፣ ሴት ልጅ ከወለደች ሁለት ሳምንት ሊሆናት ነው። መውለጃዋ ሲደርስ ከአሮጌው ቤት ወደ አዲሱ አዛውረዋታል፤ ውኃ አይገባበትም ተብሏልና።

"ልጄ፣ በጭቃው መጣሽ?" አሉኝ አያ ፈንታ። "ግቢ፣ ግቢ። ሞቅ ያለ ነገር ባቀርብልሽ ሸጋ ነበር፣ ሴቶቹ የሉም።"

ጥሩወርቅ ከአልጋዋ ልትነሣ ስትሞክር ከለከልኋት። የፊቷ ቀለም ገና አልተመለሰም። ሕፃኗን አሳየችኝ፤ እንደ ወጉ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ልበል ወይስ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ጠፍቶብኝ ትንሽ ተደናገርሁ። አባትየው ሳቁ። የከተማ ሰው ነገር አሉ።

ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ጠብታ ዝናብ የለም። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ የወፍጮ ድምፅ ይመስላል። እኔ ወፍጮ መስሎኝ ነበር፣ አያ ፈንታ ግን አገጫቸውን ማሸት አቆሙ። ወዲያው አለባቸው የሚባለው ጎረቤታቸው ከብቶቹን እየነዳ በበሩ ፊት አለፈ።

"አያ ፈንታ! አራሷን ይዘህ ውጣ። ደጋው ላይ ሌሊቱን ጥሎ አድሯል፣ ውኃው መጣ።"

አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ትያለሽ ልጄ?"

ከመንደሩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። አራሷን በቃሬዛ አድርገን፣ እኔ ሕፃኗን ይዤ፣ አለባቸው አንዱን ጫፍ ይዞ፣ መድረስ እንችል ነበር። እኔ ግን ምን አልሁ መሰላችሁ? "ቤቱ የተሠራው ለዚህ ቀን ነው። አራስ ሴት ሜዳ ላይ ከምናንገላታ እዚሁ እንቆይ" አልሁ። እንዲያውም አለባቸውን "አንተም ግባ" አልሁት። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አየና "ከብት አለኝ" ብሎ ሄደ።

በሩን ራሴ ዘጋሁት።

ለአንድ ሰዓት ያህል ነገሩ ሁሉ እኔ እንዳልሁት ሆነ። ቡናማው ውኃ ሜዳውን ሸፈነ፣ የድርቆሽ ክምር ተንሳፍፎ አለፈ፣ ውኃው ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወጣ። ወለላችን ግን ደረቅ ነው። በፍርግርጉ መሐል ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣሁ፣ ለአለቃዬም ላክሁለት። "ናሙናው እየሠራ ነው" ብዬ ጻፍሁለት። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ እየሳቅሁ ነበር።

ከዚያ ውኃው ከበሩ መድረክ አለፈ። ከጎማው ሥር ቀጭን መስመር ሆኖ መግባት ጀመረ። በጨርቅ ደፈንሁት። ከውጭ ግን መውጣቱን አላቆመም፤ የመስኮቱ ደፍ ጋ ሊደርስ ስንዝር ቀረው። እኔ ንድፉን ስሠራ ውኃው ከወለሉ በላይ እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው ብዬ ነበር ያሰላሁት። ውኃው ስሌቴን አላነበበም።

"እንውጣ ይሆን?" አሉ አያ ፈንታ።

በሩን ገፋሁ። ትከሻዬን አስጠግቼ ገፋሁ። አያ ፈንታ ከጎኔ ሆነው ገፉ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ከውጭ የቆመው ውኃ እኔ እንዳቀድሁት አድርጎ አጥብቆታል። መስኮቶቹ ላይ ያለው ብረት በሲሚንቶ የተቀበረ ነው። ቀና ስል ኮርኒስ ነው፤ ከኮርኒሱ በላይ በምስማር የተመታ ቆርቆሮ። በገዛ እጄ አንድ በአንድ የዘጋሁት ሁሉ አሁን በእኔው ላይ ተዘግቷል። ለአለቃዬ ደወልሁ፤ ኔትወርክ የለም። ስልኩን መልሼ ኪሴ ውስጥ ከተትሁት።

ቀጥሎ ከአልጋው በላይ ያለው ግድግዳ ድምፅ አሰማ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ያህል ትንሽ ድምፅ። ልስኑ ላይ በአግድም አንድ ስንጥቅ ታየ።

እዚህ ላይ ትምህርቴ ጠቀመኝ፣ አስፈራኝም። ከውጭ ያ ሁሉ ውኃ ይገፋል፣ ከውስጥ የሚመክተው የለም። ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ የሚወድቀው ደግሞ አልጋው ላይ ነው። ውኃ እንዳይገባ አድርጌ የሠራሁት ቤት ውኃ ስላልገባበት ሊገድለን ነው።

አያ ፈንታ ስንጥቁን ለጥቂት ጊዜ አዩትና ከጥግ መጥረቢያቸውን አነሡ።

"እኛ በጭቃው ቤት ስንሆን" አሉ ረጋ ብለው፣ "ውኃው ሲበረታ ግድግዳውን ከታች እንበሳዋለን። በአንዱ ወገን ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። እኛ ቆጥ ላይ ወጥተን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ይህንንስ ልብሳው? ትፈቅጂልኛለሽ?"

"ምነው እኔን ይጠይቁኛል?"

"ፈርሜያለሁ ልጄ። አትብሳ የሚል ወረቀት ፈርሜያለሁ።"

የምዘልለው ቦታ ይህ ነው።

ዝም አልሁ። ሰውዬው መጥረቢያ ይዘው፣ ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው በሚሰነጠቅ ግድግዳ ሥር ተኝተው፣ ከእኔ አንድ ቃል እየጠበቁ ዝም አልሁ። ያሰብሁትን ልንገራችሁ። ነገ የሚመጣውን ቡድን አሰብሁ። ውኃ የማያስገባ ብዬ የጻፍሁትን ቤት በመጥረቢያ ተበስቶ ሲያዩት ምን እንደሚሉ አሰብሁ። ከአንድ ሰዓት በፊት የላክሁትን ፎቶ አሰብሁ። ምናልባት ግድግዳው ይችለው ይሆናል፣ ምናልባት ውኃው አሁን ይቆማል አልሁ። ምን ያህል ዝም እንዳልሁ አላውቅም፤ ስንጥቁ ግን በዚያ መሐል አንድ ክንድ ረዝሟል። ጥሩወርቅ ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ እኔን እኔን ታየኛለች። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

እጅ የሚያህል ልስን ተገንጥሎ ትራሱ ላይ ወደቀ። ሕፃኗ ደንግጣ ጮኸች።

"ይብሱት" አልሁ።

"ቆይ፣ መጀመሪያ አራሷ" አሉ።

አራሷን ከአልጋው አውርደን፣ አልጋውን ወደ መሐል ጎትተን በላዩ ቆምሁና ኮርኒሱን በመጥረቢያው ጀርባ መታሁት። ያን ኮርኒስ የመረጥሁት ነጭነቱ ቤቱን ሰፊ ያስመስለዋል ብዬ ነበር። ቀዳድጄ ስጥለው የጣሪያው አግዳሚ እንጨቶች ታዩ። የመኝታ ቤቱን የእንጨት በር ከማጠፊያው ነቅለን ሁለት አግዳሚዎች ላይ አጋደምነው። አያ ፈንታ በመቀነታቸው አሰሩት። ቤቴ ቆጥ አወጣ ማለት ነው። ጥሩወርቅን እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ ሆነን አወጣናት። እያመማት ነበር፣ ከንፈሯን ነክሳ ቻለችው። ሕፃኗን አቀበሏት።

ከዚያ አያ ፈንታ አማተቡና ከወለሉ ከፍ ብሎ ያለውን ብሎኬት በመጥረቢያው ጀርባ መቱት። በሦስተኛው ተከፈተ። ውኃው እግራቸውን ሊወስድ ምንም አልቀረውም። በማዶው ግድግዳ ሌላ ቀዳዳ ከፈቱ፣ እኔም ወርጄ ጥግ ላይ በነበረው የድንጋይ ወፍጮ መጅ አንድ ብሎኬት ሰበርሁ። ውኃው በጉልበቴ፣ ከዚያ በጭኔ፣ ከዚያ በወገቤ ላይ ወጣ። እኛም ተንጠላጥለን ወጣን። ግድግዳው ዳግመኛ ድምፅ አላሰማም። ውስጡም ውጭውም እኩል ሆነ።

መዳናችን ግን ገና አልነበረም። በሩ አሁን ሊከፈት ይችል ይሆናል፣ ከበሩ ውጭ ያለው ግን ለእኔ እስከ አፍንጫ የሚደርስና የሚጎትት ውኃ ነው። አራት ሰዎች አንዲት የበር ሳንቃ ላይ፣ ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ ራሳችንን እየነካ፣ ጎንበስ ብለን ተቀመጥን። ውኃው ይጨምር እንደሆነ የምንለካው በመስኮቱ ፍርግርግ ነው። አንድ ብረት ሲሸፈን አያ ፈንታ "አንድ ወጣ" ይላሉ።

አንድ ጊዜ ሕፃኗ ማልቀሷን አቆመች። ጥሩወርቅ አየችኝ። ጣቴን ከሕፃኗ አፍንጫ ሥር አደረግሁ፤ ምንም አልተሰማኝም፣ ጣቴ ረጥቦ ቀዝቅዟል። ጉንጬን አስጠጋሁ። ትተነፍሳለች፣ ሙቀቱ አስተኝቷት ነው። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። ነጠላዬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ቆርቆሮው ላይ በሕፃኗ በኩል ለጠፍሁት። ይህን ብቻ ነበር ማድረግ የምችለው።

"አያ ፈንታ" አልሁ በመጨረሻ፣ "ዋርካው ሥር ምነው አልነገሩኝም?"

"ምኑን?"

"ቆጥ እንደሚያስፈልግ። ውኃው መግባት እንዳለበት።"

አገጫቸውን አሹ። "እንግዳ ነሻ። ከጎንደር ድረስ ለእኛው ብለሽ መጣሽ። ያመጣሽውን አይሆንም ብሎ ፊትሽን ማጥቆር ነውር ነው። ደግሞ ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው አልን። ቁልፉን ስታስረክቢኝ ቆጥ ልሠራ እንጨት አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቱ ሲነበብልኝ ተውሁት።"

"ሌሎቹም ያውቁ ነበር?"

"ውኃውን? እያወቅነው ነው ያደግነው" አሉና፣ እንዳይከፋኝ ፈርተው መሰለኝ፣ "በሩ ግን ጠንካራ ነው" ብለው ጨመሩልኝ።

አሥር ሰዓት ገደማ አለባቸውና ሁለት ሰዎች በታንኳ ደረሱ። በሩ እንደ ዋዛ ተከፈተ። ስንወጣ የአያ ፈንታን አሮጌ ቤት አየሁት። ጭቃው ከታች ታጥቦ እንጨቱ ብቻ ቆሟል፣ ውኃው በመሐሉ ያልፋል፣ ቆጡ ላይ ያለው የእህል ስልቻ ግን ደረቅ ነበር።

በማግሥቱ ቡድኑ አልመጣም፣ መንገዱ ተቆርጦ ነበር። እኔ ሪፖርቴን ጻፍሁ፤ ስህተቴንም አመንሁ፣ ያቺን ዝምታ ግን አላመንሁም። አሁን የምንሠራቸው ቤቶች ከግድግዳቸው ሥር ክዳን ያለው የውኃ መግቢያና መውጫ አላቸው፤ ቆጥ አላቸው፤ ከቆጡ ወደ ውጭ የሚያስወጣ ያለ ብረት መስኮት አላቸው። የምናስፈርመው ወረቀት የለም። መንደር ስሄድም "ሃሳብ ያለው?" አልልም። "አምና ውኃው ሲመጣ የት አደራችሁ? ልጆቹን ማን ያዘ?" እላለሁ፣ ከዚያ አፌን ዘግቼ እሰማለሁ። አፍ መዝጋቱ ከአምስት ዓመቱ ትምህርት ይበልጥ ከብዶኛል። እናንተም ለሰው ቤት፣ ሕግ፣ መድኃኒት፣ ሌላም ሌላም የምትሠሩ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ሸጋ ነው ካሏችሁ ተጠራጠሩ።

ጥቅምት ላይ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ሲደርስ ጥሩወርቅ ክርስትና እናት ሁኚላት ብላ ላከችብኝ። ሁለት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሄድሁ፣ ሕፃኗንም አነሣኋት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ እንግዳው ድግሱ ላይ ሲቀመጥ፣ ጥሩወርቅን ሕፃኗን እንደታቀፈች ወደ ጓሮ ወሰድኋት።

"ያን ቀን አባትሽ ሲጠይቁኝ ዝም ማለቴን አይተሻል" አልኋት።

"አይቻለሁ።"

"ስለ ልጅሽ አልነበረም የማስበው።"

"አውቄያለሁ እትዬ። ስለ ቤቱ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ልጅሽን ለእኔ ሰጠሽ?"

"እኔስ ምን አልሁ?" አለችኝ። "ግድግዳው በልጄ ራስ ላይ ሲሰነጠቅ አየሁ። 'አባዬ ብሳው' ማለት አያቅተኝም ነበር። የተማረች ሰው ተቀምጣ እኔ ምን እናገራለሁ ብዬ አፌን ያዝሁ። እናቷ ነኝ እኮ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ለማንም አልተናገርሁትም።"

እጄን ወደ ሕፃኗ ዘረጋሁ።

"አብረን ነው ዝም ያልነው" አለች ሕፃኗን እያቀበለችኝ። "አብረን እናሳድጋት።"